«የማን ናት?» ትንሿ ድሮን በደቡብ ጎንደር ሰማይ ሥር

ለትርፍ ጊዜ መዝናኛ ድሮን የሚያበር ሰው፣ ለንደንም ይኑር ናይሮቢ፣ አንድ ቀን ከጀርባው «ምን እየቀረጽክ ነው?» የሚል ድምፅ መስማቱ አይቀርም። ጠያቂው ጎረቤት፣ ውሻውን የሚያንሸራሽር ሽማግሌ ወይም የጥበቃ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን የትም አንድ ነው። በብዙ አገር አብራሪዎች እርስ በርስ የሚመካከሩት መልስም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ በትሕትና ሰላም በል፣ ሕጉን እንደምታውቅ አስረዳ፣ የምዝገባ ቁጥርህን አሳይ፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን አሳየው፤ ሰውየው ይረጋጋል። ይህ ምክር ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው ሐሙሲት፣ ወይም ከፍ ብሎ በደብረ ታቦርና በጉና ሥር፣ ምን ያህል ይሠራል? የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ይህ ነው። እንደኔ እምብዛም አይሠራም። አብራሪው የሚያውቀው ሕግ የሌላ አገር ሕግ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው፤ ጠያቂው የሚጠይቀው ስለ ሕግ አለመሆኑ ደግሞ ሁለተኛውና ከባዱ።

መጀመሪያ የውጭውን ሕግ እንይ፤ በኢንተርኔት የሚማሩ ወጣቶቻችን በቃላቸው የሚያውቁት እሱን ነውና። በአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ጀምሮ አንድ ወጥ ደንብ ይሠራል። አብራሪው ድሮኗን በዓይኑ እያየ ያበራል፣ ከመሬት ከ120 ሜትር በላይ አይወጣም፣ በተሰበሰበ ሕዝብ አናት ላይ አያልፍም። በአሜሪካ ለመዝናኛ የሚያበር ሰው ነፃ የሆነ አጭር ፈተና ያልፋል፤ ድሮኑ 250 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ያስመዘግባል። ይህ የ250 ግራም መስመር ገበያውን ራሱ ቀርጾታል። የቻይናው ዲጄአይ በእ.ኤ.አ. 2019 ማቪክ ሚኒን ሲያወጣ ክብደቷን ልክ 249 ግራም ያደረጋት ከምዝገባ መስመሩ በአንድ ግራም እንድታንስ ነው። ገደቡ ያኔ 200 ግራም ለነበረባት ለጃፓን ደግሞ 199 ግራም የምትመዝን ሌላ ሠራ። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 2023 ወዲህ ምዝገባ የሚያስፈልጋቸው ድሮኖች ማንነታቸውንና ያሉበትን ቦታ በሬዲዮ እያሰራጩ እንዲበሩ ይጠበቃል። ፖሊስ ስልኩን አውጥቶ የማን እንደሆነች ማወቅ የሚችልበት ሥርዓት ነው።

እነዚህ ደንቦች የአውሮፕላንን ደህንነት ከመጠበቅ ባለፈ የሚሠሩት አንድ ሌላ ነገር አለ። አብራሪው በጠያቂ ፊት የሚያወጣው ወረቀት ይሰጡታል። እዚያም ቢሆን ግን ወረቀቱ ሁልጊዜ አያድንም። በእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2018 የለንደኑ ጋትዊክ ኤርፖርት ድሮን ታየ ተብሎ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ሲታወክ 1,000 ገደማ በረራዎችና ወደ 140,000 የሚጠጉ መንገደኞች ተስተጓጎሉ። ፖሊስ በአካባቢው የሚኖሩ ባልና ሚስትን ያዘ። ሁለቱም ነፃ ሆነው ተገኙ፤ ባልየው በጊዜው ሥራ ላይ ነበር። ጥርጣሬው ወደ እነሱ የሄደው በሞዴል አውሮፕላን አብራሪነቱ ስለሚታወቅ ነበር። ፖሊስ በኋላ 200,000 ፓውንድ ካሣ ከፍሏቸዋል፤ እውነተኛው አጥፊ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። በአሜሪካዋ ኬንታኪ ደግሞ በእ.ኤ.አ. 2015 አንድ አባት በግቢው ላይ ያንዣበበችውን ድሮን በጠመንጃ መትቶ ጣላት። የአካባቢው ዳኛም ክሱን ዘጉለት። የአገሪቱ የፌዴራል ሕግ አውሮፕላንን መምታት ወንጀል ነው ቢልም፣ ችሎቱ ላይ ያሸነፈው «በልጆቼ ላይ ነው የመጣው» የሚለው የአባት ስሜት ነበር።

የእኛ አገር መንገድ ከመነሻው ሌላ ነው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የ1944ቱ (እ.ኤ.አ.) የቺካጎ ስምምነት በ8ኛው አንቀጹ፣ አብራሪ የሌለው አውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ በሌላ አገር ግዛት ላይ አይበርም ይላል። ድሮን የሚባል መጫወቻ ባልታሰበበት ዘመን የተጻፈ አንቀጽ ነው። መንፈሱ ግን ዛሬም በቦሌ ጉምሩክ ይታያል፦ ፈቃድ ያልያዘ መንገደኛ ድሮኑን ይዞ አያልፍም። ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ለጥምቀት የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ተፈትሾ ድሮኑ መጋዘን ሲቀርበት ማየት የተለመደ ነው። ፈቃዱን በዋናነት የሚመለከተው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ሰዉ «ኢንሳ» የሚለው መሥሪያ ቤት ነው። ይህ በራሱ ብዙ ይናገራል። በሌላው ዓለም ጉዳዩ ከሞላ ጎደል የአየር ትራንስፖርት ጉዳይ ሆኖ በሲቪል አቪዬሽን እጅ ሲያዝ፣ እዚህ ከሁሉ በፊት የደህንነት ጉዳይ ነው። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንም በአየር ክልሉ ላይ የራሱ ሥልጣን አለው፤ የ2001ዱ የሲቪል አቪዬሽን አዋጅ ቁጥር 616 አለ። ለአንድ የሐሙሲት ወጣት ግን «ስንት ሜትር ልውጣ?» የሚለው ጥያቄ «ይህን ዕቃ መያዝስ ይፈቀድልኛል?» ከሚለው በኋላ የሚመጣ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ልጥቀስ። የድሮኑ መተግበሪያ ካርታ ላይ በኤርፖርት ዙሪያ ቀይ ክብ ይታያል፤ ከክቡ ውጭ ከሆኑ ሞተሩ ይነሣል። ሞተሩ መነሣቱን እንደ ፈቃድ የሚቆጥር ሰው ጥቂት አይደለም። መተግበሪያውን የሠራው አንድ የሼንዘን ኩባንያ ነው፤ የኢትዮጵያን ሕግ አያውቅም፣ ለማወቅም አልተገደደም። ኩባንያው ራሱ በእ.ኤ.አ. 2025 መጀመሪያ በአሜሪካ ያንን አስገዳጅ እገዳ ወደ ማስጠንቀቂያ ብቻ ዝቅ አድርጎ ኃላፊነቱን ወደ አብራሪው መልሶታል።

ስለ ሰማዩ ሕጉ እንዲህ ቢሆንም፣ ስለተቀረጸው ሰው ግን ኢትዮጵያ ከብዙ አገሮች ቀድማ የጻፈችው ጥሩ ሕግ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቁጥር 28 ደግሞ ከዚህ የሚወጡትን ይዘረዝራል፤ በአደባባይ ወይም በሕዝብ ፊት የተደረገ ነገር አንዱ ነው። በጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ የታቦት ማደሪያ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ በዚህ ይገባል። በደብረ ታቦር የቡሄ ዕለት ጅራፍ የሚያጮኸው ጎረምሳም ምናልባት ይገባል። በጓሮዋ ልብስ የምታሰጣ ሴት ግን አትገባም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ስለ ግል ሕይወት የሚለውም ከእሷ ጋር ነው። በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። እናም «ምን እየቀረጽክ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የደራ ወረዳ ገበሬ ሕጉን ባያውቀውም ሕጉ ያውቀዋል። አብራሪው ወጣት ይህን ማወቁ ከ120 ሜትሩ በላይ ይጠቅመዋል፤ ክርክር የሚነሣው ስለ ከፍታ ሳይሆን ስለ ሰው ነውና።

እስካሁን ያልኩት በሰላም ጊዜ በቂ ይሆን ነበር። ዛሬ በአማራ ክልል «ድሮን» ሲባል ማንም ሰው 249 ግራም የምትመዝን መጫወቻ አይመጣበትም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ቃሉ የገባበት አፍ ሁሉ የጦርነት አፍ ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 በፍኖተ ሰላም በደረሰው የአየር ጥቃት 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለዓለም አቀፍ መገናኛ ብዙኃን ተናግረዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ኅዳር 2016 ባወጣው መግለጫ፣ ጥቅምት 26 በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ በደረሰ የድሮን ጥቃት ሦስት መምህራንን ጨምሮ 7 ሰዎች፣ ከሦስት ቀን በኋላም በምሥራቅ ጎጃም በዋበር ከተማ መናኸሪያ አውቶቡስ የሚጠብቁ 13 ሰዎች መገደላቸውን ገልጿል። ይህን በሬዲዮ የሰማ፣ ወይም ዘመዱን የቀበረ ሰው፣ ከራሱ በላይ የሚጮህ ነገር ሲሰማ ቀና የሚልበት ዓይን የለንደኑ ጎረቤት ዓይን አይደለም።

በቴክኒክ ካየነው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የትየለሌ ነው። ኢትዮጵያ እንዳላት የሚነገረው የቱርኩ ባይራክታር ቲቢ2 ክንፉ 12 ሜትር ነው፤ ሲነሣ እስከ 700 ኪሎ ይመዝናል፤ በሺህ በሚቆጠር ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ሃያ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል። የሠርግ ቀራጩ ድሮን ሠላሳ ደቂቃ ያህል በርራ ባትሪዋ ያልቃል። ይህን ልዩነት ለማስረዳት የሚሞክር አብራሪ ግን ከንቱ ይደክማል። የተፈራው ትንሿ ድሮን ራሷ ላትሆን ትችላለች፤ የተፈራው የምታየው ነገር ነው። ዛሬ ትንሿ ታያለች፣ ነገ ትልቁ ይመጣል የሚል ስጋት ነው። ስጋቱ ከዓለም ልምድ የራቀ አይደለም። በዩክሬን ጦርነት ሱቅ ላይ የሚሸጠው ማቪክ የመድፍ ዓይን ሆኖ መዋሉን ዓለም በቪዲዮ አይቷል።

ከሰማይ መታየትና ከሰማይ መመታት በዚህ አገር የተገናኙት ዛሬም አይደለም። በ1928ቱ ወረራ የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብና የሰናፍጭ ጋዝ ሲጥሉ፣ ሌሎች አውሮፕላኖቻቸው ደግሞ ካርታ ለመሥራት ደጋውን ከላይ ፎቶ ያነሡት ነበር። እነዚያ ፎቶዎች በኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት መዝገብ ቤት ተርፈው፣ ከሰባ ዓመት በኋላ በቤልጂግ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና በኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው እንደገና ተቃኝተዋል። ሌሎች ተመራማሪዎችም ከእነዚሁ ፎቶዎች የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች የ1930 አካባቢ መልክ ከዛሬው ጋር አነጻጽረው፣ ብዙዎቹ ደኖች በቦታቸው መቆየታቸውን አሳይተዋል። ሊወጋን የመጣው ካሜራ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ለደኖቻችን ምስክር ሆነ። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያሾፋል።

ስለ ትንሿ ድሮን ጥሩ የሚናገር ሰው ካለ መከራከሪያውን ማግኘት ያለበት እዚሁ፣ በእነዚህ ደኖች ላይ ነው። በደቡብ ጎንደር ከ1,000 በላይ ቤተ ክርስቲያን በደን ተከቦ ይገኛል። በደራ ወረዳ ያለው የገላውዴዎስ ደን ከትልልቆቹ አንዱ ነው። በስንዴና በጤፍ ማሳ መካከል ቆመው ሳለ፣ ከአውራ ጎዳናው የሚያልፍ መንገደኛ እንደ ተራ ዛፍ ጥርቅም ያያቸዋል። ከላይ ሲታዩ ግን ክብ አረንጓዴ፣ በመሐሉ የሚያብለጨልጭ ክብ ጣሪያ፣ ዙሪያው የታረሰ ቡናማ መሬት ነው። ስኮትላንዳዊው ፎቶ አንሺ ኪየረን ዶድስ በድሮን ያነሣቸው ምስሎች ይህን ለዓለም አሳይተዋል። ስለ እነዚህ ደኖች በእ.ኤ.አ. 2007 የዶክትሬት ጥናቱን በዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ የሠራው ኢትዮጵያዊው የደን ሳይንቲስት ዓለማየሁ ዋሴ፣ ከአሜሪካዊቷ ሜግ ሎማን ጋር ሆኖ ካህናቱን የሳተላይት ምስል አሳይቷቸዋል። ደኑ እንዴት እየጠበበ እንደመጣ ራሳቸው አዩ፤ በኋላም ከብት እንዳይገባ ከማሳው በተለቀመ ድንጋይ አጥር መሥራት ተጀመረ። ድንጋዩ ከእርሻው መነሣቱ ለገበሬውም ጠቅሟል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኔን ትኩረት የሚስበው ምስሉ የሄደበት አቅጣጫ ነው። ከላይ የተነሣው ሥዕል መጀመሪያ የታየው ለደኑ ባለቤቶች ነው። ወደ ውጭ የሚበተን ውብ ቪዲዮ ከመሆኑ በፊት ለመምሬ፣ ለሰበካ ጉባኤው፣ ለአጥቢያው ገበሬ «እነሆ፣ የእናንተ ነው» ተብሎ ቀርቧል። እኛ አገር የምናያቸው ብዙ የድሮን ምስሎች በተቃራኒው ይሄዳሉ። የዘፈን ክሊፑ፣ የሠርጉ ቪዲዮ፣ የባዕድ ተጓዥ ፊልም በስልክ ዓለምን ሲዞር፣ የተቀረጸው መንደር ግን ጩኸቱን ብቻ ሰምቶ ይቀራል። «ለማን ልትልከው ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚወለደው ከዚህ ነው።

ከጠያቂው ጋር ስለሚደረገው ንግግር ስናወራ፣ ብዙ አብራሪዎች የሚጀምሩት ከመሐሉ ነው፤ ድሮኗ አየር ላይ ሳለች። ያኔ ዘግይቷል። እጁ ሪሞት ላይ፣ ዓይኑ ስክሪን ላይ ያለ ሰው ከማንም ጋር በቅጡ አይነጋገርም። በአውሮፓ የሚያስተምሩ ሰዎች ሰው ሲመጣ መጀመሪያ አሳርፍ፣ ከዚያ ተናገር፣ ካልሆነም ጠያቂውን የሚያናግር አንድ ሰው አጠገብህ ይኑር የሚሉት ለዚህ ነው። በእኛ ደጋ ያ ሁለተኛ ሰው የመንደሩ ልጅ መሆን አለበት። ከአዲስ አበባ የመጣ ጓደኛ ከሆነ ችግሩ ሁለት ይሆናል እንጂ አይቃለልም። የቀበሌው ሰው ወይም ሚሊሻው ቀርቦ «አንተ ልጅ፣ የማን ነህ?» ሲል ስምህን ብቻ እየጠየቀህ አይደለም፤ ማን ያውቅሃል፣ ማን ይመሰክርልሃል ማለቱ ነው። «የእገሌ እኅት ልጅ ነኝ፣ ጋሼ» የሚል መልስ ያለው አብራሪና «ፓስፖርቴ ይኸው» የሚል አብራሪ የሚታዩበት ዓይን የተለያየ ነው። የተሻለው ይህ ጥያቄ ሳይነሣ፣ ከቀናት በፊት፣ ፈቃዱን ይዞ ለወረዳው፣ ለፖሊስ፣ ለቀበሌው፣ ቤተ ክርስቲያን ከሆነም ለአለቃው በቀንና በሰዓት ማሳወቅ ነው። በማላዊ ዩኒሴፍ በእ.ኤ.አ. 2017 በካሱንጉ የሰብአዊ ድሮኖች መሞከሪያ ኮሪደር ከመክፈቱ አስቀድሞ፣ የደም ናሙና የሚያመላልሱ ድሮኖች ሲሞከሩ የአካባቢው ሰዎች ተሰብስበው ዕቃውን አይተው ነበር። ልጆች ከሸሹ በኋላ የሚደረግ ማብራሪያ ያን ያህል አይጠቅምም።

ጠያቂው ፊቱ ተቀርጾ ከሆነ፣ በፊቱ ማጥፋት ነው። በዚህ ላይ የሚከራከሩ አሉ፤ «ሥራዬ ነው፣ አደባባይ ነው» ይላሉ። በጥምቀት ሜዳ ክርክሩ ሊያዋጣ ይችላል። በማሳ ዳር ግን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከአንድ ሰው ጸጥታ አይበልጥም፤ ጠመንጃ ከትከሻ በማይወርድበት አካባቢ ደግሞ ነገሩ ከጸጥታም ያልፋል። የኬንታኪው ዓይነት ተኩስ እዚህ ቢደገም ጥይቱ የሚወድቅበትን ማን ያውቃል?

የበረራው ቴክኒክ በደጋ ላይ የራሱ ወጥመዶች አሉት፤ የውጭ ትምህርቶች ስለማያነሷቸው በአጭሩ ልጥቀሳቸው። ድሮኗ የምታሳየው ከፍታ ከተነሣችበት ነጥብ የሚለካ ነው። ከጉና ተዳፋት ላይ አስነሥቶ ወደ ሸለቆው ለሚልካት ሰው፣ ስክሪኑ «0 ሜትር» እያለው ድሮኗ ከመንደሩ አናት በላይ ብዙ መቶ ሜትር ልትሆን ትችላለች። በተቃራኒው ወደ ተራራው ሲልካት «100» እያለ ከቋጥኝ ጋር ትላተማለች። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጉና ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ለብዙዎቹ ሚኒ ሞዴሎች ፋብሪካው የሚሰጠው የከፍታ ገደብ ደግሞ 4,000 ሜትር ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ይደክማል፣ ባትሪውም ቶሎ ይጨርሳል። ጭልፊትና ንስር ድሮንን እንደ ተቀናቃኝ ወፍ መምታታቸው በብዙ አገር ታይቷል። በጉማራ ወንዝ አፍና በፎገራ ሜዳ ረግረግ ላይ ለሚራቡ ወፎችም ከፕሮፔለር ጩኸት መራቁ ይበጃቸዋል፤ የጣና ዙሪያ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ የዩኔስኮ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ዛሬ በደቡብ ጎንደር ለመዝናናት ድሮን ላብርር የሚል ወጣት ቢጠይቀኝ አታብርር እለዋለሁ፤ ፈቃድ ኖሮትም ቢሆን። ፈቃዱ ከአዲስ አበባ ነው፤ ፍርሃቱ ግን መንደር ውስጥ ነው፣ ወረቀቱም ለእሱ አልተጻፈም። ይህን ስል ግን የፈቃድ ሥርዓቱን ማወደሴ አይደለም። ሁሉን ነገር በደህንነት ዓይን ብቻ የሚያይ አሠራር፣ ደን ለመለካት፣ የጎርፍ ጉዳት ለማየት፣ የፎገራን የሩዝ ማሳ ለመከታተል የምትበር ድሮንን ከሌላው ጋር አንድ ላይ ያስራታል። በ2017 አዲስ አበባ ውስጥ ስካይዊን ኤሮኖቲክስ የተባለ የድሮን ፋብሪካ ተመርቋል። ድሮን ማምረት ከተቻለ፣ በክብደት የተከፋፈለ፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም ሆነ አብራሪው አንብበው የሚግባቡበት አጭር ደንብ ማዘጋጀት ከዚያ አይከብድም። በደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ ቢገባ ደስ ይለኛል፦ ከመነሣት በፊት ለአካባቢው ሰው ማሳወቅ የአብራሪው ግዴታ ይሁን፣ መጠየቅም የነዋሪው መብት።

እስከዚያው «ለማን ልትልከው ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ተጨባጭ መልስ አለ፤ ብዙ አብራሪዎችም አያስቡትም። ድሮኗ የምታነሣው እያንዳንዱ ፎቶ የተነሣበትን ቦታ መጋጠሚያ በውስጡ ይይዛል፤ የበረራው መስመርም በስልኩና በመተግበሪያው መዝገብ ውስጥ ይቀራል። በውበቱ ብቻ ተወድዶ ፋይሉ ሳይነካ እንዳለ በቴሌግራም የተላከ የአንድ መንደር ምስል፣ ለሚፈልገው ሰው አድራሻውንም ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ፎቶውን ከማጋራት በፊት የቦታ መረጃውን ማጥፋት፣ የበረራ መዝገቡ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር እንዳይመሳሰል መዝጋት፣ ከተቻለም ምስሉን ከሳምንታት በኋላ መልቀቅ ይቻላል። ይህን የሚያውቅ አብራሪ ለሚሊሻው ስልኩን ከፍቶ ቅንብሩን ማሳየት ይችላል፤ የማያውቅ ግን «ለማንም» ብሎ የሚመልሰው መልስ እውነት አይደለም፣ እሱም ውሸት መሆኑን አያውቅም።